ፍየል አለን በሰማይ፣ ሥጋዋንም አናይ!

አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ የተረቱት የማይጨበጥ ተስፋ ይዞ የሚኖረውን ሰው ለመሸንቆጥ ነበር። ላም በሰማይ አትሄድማ! በእኛ ዘመን ግን ነገሩ ተረትነቱ ቀርቶ የበረራ ፕሮግራም ሆኗል። ላሟ ብትቀር ፍየሏ በሰማይ ትሄዳለች። ሞጆና ቢሾፍቱ አካባቢ ካሉት የኤክስፖርት ቄራዎች በአንዱ ትታረዳለች፣ ትገፈፋለች፣ በማቀዝቀዣ ክፍል ታድራለች፣ በነጭ ጨርቅ ትጠቀለላለች፣ ከዚያም ቦሌ ደርሳ ትሳፈራለች። ጅዳ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ዱባይ አራት ሰዓት ገደማ። የአዲስ አበባው ሠራተኛ የታክሲ ሰልፍ ጠብቆ ቤቱ እስኪገባ እሷ ቀይ ባሕርን ተሻግራለች።

ይኸው ሠራተኛ በዓል በመጣ ቁጥር በግ ተራ ወርዶ ዋጋ ይጠይቅና እጁን አጣምሮ ይመለሳል። የአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ልኳንዳ ቤት በር ላይ ቆሞ ያነባል እንጂ አይገባም። ቲማቲም ሲወደድበት ወጡን ያለ ቲማቲም ይሠራል፣ ሲረክስ ደግሞ ግማሹ የፈረሰውን ገዝቶ ይሄዳል።

እኛ ይህን ስንጽፍ «ሥጋችን ለምን ዓረብ አገር ሄደ» ብለን ሙሾ ልናወርድ አይደለም። ይሄዳል፤ ይሂድም። አገር የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋታል፤ አርብቶ አደሩም ገዢ ያስፈልገዋል። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ በሰማይ አቋርጣ የፍየል ሥጋ ሳይበላሽ ጅዳ የምታደርስ አገር፣ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከመቂ አንድ ሳጥን ቲማቲም ሳይፈርስ አዲስ አበባ ማድረስ እንዴት አቃታት? በረዶ ለባሕረ ሰላጤው ገዢ ከተገኘ ለኢትዮጵያዊው ለምን ታጣ?

አውሮፕላኑ የሚሸጠው ጊዜ ነው

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ፤ ምክንያቱም ኋላ «አቅም የለንም» ለሚለን ባለሥልጣን መልሱ ያለው እዚሁ ውስጥ ነው።

የሚበላሽ ምግብ ድንበር የሚሻገረው በሁለት መልክ ነው። አንደኛው በረዶ የሠራው ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ድንጋይ እስኪመስል ይደርቃል፤ ወራት ይቆያል፤ ስለዚህ መርከብ ይበቃዋል። የሕንድ የጎሽ ሥጋና የብራዚል ዶሮ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚገቡት በአብዛኛው እንዲህ ነው። ሁለተኛው የቀዘቀዘ እንጂ በረዶ ያልሠራው ነው። ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ባለው መሀል ተጠብቆ ልክ ትናንት እንደታረደ ሆኖ ይቀርባል። ዕድሜው በቀን ይቆጠራል። የእኛ ፍየልና በግ የሚሸጠው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው።

የሳዑዲና የኤምሬትስ ገዢ ትኩስ ሥጋ ይወዳል፤ እሱንም ከቆላ እንስሳ ይመርጣል። የቦረናው፣ የአፋሩ፣ የሶማሌው በግና ፍየል ይፈለጋል። የደጋው በግ ሥጋው ቶሎ ይጠቁራል እየተባለ ወደ ኋላ ይቀራል። አውስትራሊያም የቀዘቀዘ የበግ ሥጋ በአውሮፕላን ወደዚያው ገበያ ትልካለች፤ ግን ከዓለም ዳርቻ ነው የምትመጣው። እኛ ጎረቤት ነን። ይህ ቅርበት እግዜር የሰጠን ሀብት ነው።

ታዲያ ዋጋው ቀላል አይደለም። የአየር ጭነት ከመርከብ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። በዚያ ላይ ክፍያው በክብደት ብቻ አይደለም። ጭነቱ ቀላል ሆኖ ቦታ የሚይዝ ከሆነ በዓለም አቀፉ ልማድ አንድ ሜትር ኩብ እንደ 167 ኪሎ ተቆጥሮ ይከፈልበታል። ሰላጣና ቅጠላ ቅጠል የሚልክ ሰው ለአየርም ይከፍላል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ወጪ ችሎ የሚልከው ነጋዴ የሚገዛው አንድ ነገር ነው፦ ጊዜ። ጊዜው ከተሰረቀ ገንዘቡ ውኃ በላው።

ስለዚህ ከቄራው እስከ ጅዳ ሱቅ ያለው መንገድ አንዲት ቀለበት እንኳ ልትጎድልበት የማይገባ ሰንሰለት ነው። ሥጋው ከታረደ በኋላ ሙቀቱ እስኪወጣ በማቀዝቀዣ ያድራል። የእንስሳት ሐኪም አይቶ ይፈርማል። ማቀዝቀዣ ያለው መኪና በፍጥነት መንገዱ ቦሌ ያደርሰዋል። ይመዘናል፣ ይፈተሻል፣ እንደገና ቀዝቃዛ ክፍል ይገባል፣ ፓሌት ላይ ይደረደራል፣ ሙቀት በማያሳልፍ ልብስ ይሸፈናል። በረራ ሲዘገይስ? የቦሌ አየር ደጋ ስለሆነ ጥቂት ይምራል። የጅዳና የዱባይ ሜዳ ግን በሐምሌና በነሐሴ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ እዚያ ምሕረት የለም። ዶክመንት የጎደለው ጭነት እዚያ ቢቆም ሥጋው ዕድሜውን በደቂቃ ይጨርሳል።

ይህ ሰንሰለት በአንድ ቀን አልተሠራም። በ1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ በዚያው ዓመት ወደ ካይሮ የበረረው አየር መንገዳችን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 መቶ ቶን ገደማ የሚሸከመውን የቦይንግ 777 የጭነት አውሮፕላን አስገባ። በሰኔ 2009 ዓ.ም. በዓመት ወደ 600 ሺህ ቶን ያስተናግዳል የተባለ አዲስ የካርጎ ተርሚናል፣ ለሚበላሽ ዕቃ ቀዝቃዛ ክፍሎች ጭምር ይዞ፣ ቦሌ ላይ ተመረቀ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መንገደኛን ሁሉ ቤት ሲያስቀምጥና የመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ይጫን የነበረው ዕቃ ማረፊያ ሲያጣ፣ ከሃያ በላይ አውሮፕላኖች ወንበራቸው ተነቅሎ ጭነት ያዙ። በጥቂት ሳምንታት!

ይሄ ያኮራል። አንክድም። የአገሬው መካኒክ፣ የአገሬው ጫኝ፣ የአገሬው አብራሪ የሠራው ነው። ግን ኩራቱ ጥያቄም ይወልዳል። ሲፈለግ በሳምንታት ወንበር የሚነቅል አገር፣ ሳይፈለግ ለስንት ዓመት አንድ ቀዝቃዛ መጋዘን መቂ ላይ መትከል ያቅተዋል?

እረኛው የት ደረሰ?

የ2013 ዓ.ም. የስታቲስቲክስ ናሙና ጥናት እንዳሳየው ኢትዮጵያ 70 ሚሊዮን ገደማ ከብት፣ ወደ 43 ሚሊዮን በግና ከ52 ሚሊዮን በላይ ፍየል ነበራት። ከአፍሪካ ቀዳሚዎቹ መሀል ነን እየተባለ በየስብሰባው ይጨበጨባል። ከሥጋ ኤክስፖርት የሚገኘው ግን ለዓመታት በዓመት ከመቶ ሚሊዮን ዶላር ወዲያና ወዲህ ሲል የኖረ ነው። ቡና በ2016 በጀት ዓመት ብቻ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል። ቄራዎቹም የሚታረድ እንስሳ አጣን፣ ከአቅማችን በታች እንሠራለን እያሉ ሲያለቅሱ ስንት ጊዜ ሰማን። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሉሃል ይሄ ነው!

እንስሳው የት ሄደ? የሚሄድበትን ሁሉም ያውቃል። በእግሩ ድንበር ይሻገራል። ወደ በርበራ ይነዳል፣ በሞያሌ በኩል ይወጣል። መንግሥት «ኮንትሮባንድ» ብሎ ኬላ ያቆማል፣ ያሳድዳል፣ ይወርሳል። አርብቶ አደሩ ግን ወንጀለኛ ሆኖ አልተወለደም። ወዲያ ማዶ የተሻለ ዋጋ፣ ያውም እጅ በእጅ ይከፈለዋል። ወዲህ ያለው ገበያ ደግሞ በደላላ የተሞላ ነው። ከእረኛው ሰብሳቢው ይገዛል፣ ከሰብሳቢው አነስተኛ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ትልቁ ነጋዴ፣ ከዚያ የቄራው ወኪል። በሶማሌ አካባቢ ገበያዎች ደላሎቹ በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው በጣት ነው ዋጋ የሚነጋገሩት። ባለፍየሉ አጠገባቸው ቆሞ የራሱን ፍየል ዋጋ አያውቅም! ጅዳ ስንት እንደምትሸጥማ ማን ይነግረዋል?

አደጋው ሲመጣ ግን የመጀመሪያው ተመቺ እሱ ነው። በመስከረም 1993 ዓ.ም. የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው በሽታ በሳዑዲና በየመን ሰው ሲገድል የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ ለሚመጣ እንስሳ በራቸውን ዘጉ። ነጋዴው ወደ ሌላ ሥራ ዞረ። እረኛው ግን ወዴት ይዙር? ከእ.ኤ.አ. 2020 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ በቦረናና በሶማሌ በሚሊዮን የሚቆጠር እንስሳ ሜዳ ላይ ረገፈ። ያ ከብት ሥጋው ሳይሟሽሽ በጊዜ ቢገዛ፣ ቢታረድና ቢቀዘቅዝ ኖሮ አንዱ ለገበያ፣ አንዱ ለተራበው ቤተሰብ በሆነ ነበር። የቀዝቃዛው ሰንሰለት የመጀመሪያ ቀለበት ሞጆ ላይ ስለሚጀምር ያቤሎ አልደረሰለትም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን ተብሎ ሲለቀቅ የላኪው አንድ ዶላር በብር ሲመነዘር በአንድ ጊዜ አበጠ። ከዚያ በፊት «ላኪው በኪሳራ እየላከ በዶላሩ ዕቃ አስገብቶ ያካክሳል» ሲባል የኖረው ክፉ ልማድ ምክንያቱን ያጣል ተባለ። መልካም። ያበጠው ብር ግን ከቦሌ ተነሥቶ ቆላ ድረስ ስንት እጁ ወረደ? ይህን በቁጥር የሚነግረን መሥሪያ ቤት እስኪመጣ ድረስ የዶላሩን ወሬ ለብቻው ነጥሎ ማስጨብጨብ ትዝብት ነው።

ልብ የሚነካው ሌላው ነገር ይኸውና። ያ የአፋር ፍየል ጅዳ ወይም ዱባይ ከደረሰ በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ የምትቆርጠው፣ የምታበስለው አንዳንዴ የእኛው እህት ናት። ፍየሏ የጤና ወረቀት ተጽፎላት፣ ሙቀቷ ተለክቶ፣ ሰዓቷ ተጠብቆ ገብታለች። እህታችን እንዴት እንደገባች አንባቢ ያውቀዋል።

ቲማቲሙ ምን በደለ?

አሁን ወደ ምድሩ እንውረድ። ከመቂና ከባቱ (ዝዋይ) የሚነሣው ቲማቲም የሚለቀመው ፀሐይ ላይ ነው። የማሳውን ሙቀት የሚያወጣለት ጥላ እንኳ አያገኝም። በእንጨት ሳጥን ይታጨቃል፤ የታችኛው በላይኛው ይጨፈለቃል። አይሱዙ ላይ ይከመራል፣ ሸራ ይለብሳል፣ በየኬላው ይቆማል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ሰበብ ከፒያሳ አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት የተዛወረው ገበያ ሲደርስ ግማሹ ለጉሊቷ እናት በቅናሽ ይሰጣል፣ ሌላው ይደፋል። የተደፋውን ማን የከፈለበት ይመስላችኋል? ነጋዴው የጣለውን በደህናው ላይ ደምሮ ነው የሚሸጥልን። ለበሰበሰውም እኛው ከፍለናል!

ወተቱም እንዲያው ነው። ሁዳዴ ሲገባ ገዢ ይቀንሳል፣ ላሟ ግን አትጾምም። ቀዝቃዛ ማቆያና ማቀነባበሪያ ያላገኘው ወተት ይበላሻል ወይም ይደፋል። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ቅቤው እሳት ይሆናል።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከሚመረተው ምግብ 14 በመቶ ገደማው ከታጨደ በኋላ ችርቻሮ ገበያ ሳይደርስ እንደሚጠፋ ገምቷል። አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ጉዳቱ ከዚህ ይብሳል። ድሃ አገር ይህን ማባከን አትችልም። ማዳበሪያ በዶላር ገዝቶ፣ ናፍጣ በዶላር ገዝቶ፣ ያመረተውን ፀሐይ ላይ የሚያፈስ አገር የውጭ ምንዛሪውንም አብሮ እያፈሰሰ ነው። እንግዲህ ዶላር ወዳዶቹ ባለሥልጣኖቻችን ቢያንስ በዚህ በኩል ይስሙን።

«መብራት የለም» እንዳይሉን ደግሞ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ታላቁ ግድብ ተመርቋል፤ አምስት ሺህ ሜጋ ዋት አልፏል ተብሎ ሁላችንም ደስ ብሎናል። «ገንዘብ የለም» እንዳይሉን ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይፈጃል የተባለ አውሮፕላን ማረፊያ ታቅዷል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ስላለች አየሩ ሳስቶ አውሮፕላን ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ ለመነሣት ይቸገራል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ቢፈለግ ሞኝነት አይደለም። ግን ከዚያ ሁሉ ቢሊዮን ላይ ፍርፋሪው ለስንት ቀዝቃዛ መጋዘን ይበቃ ይሆን?

«የግሉ ዘርፍ ይሥራው» የሚል መልስም ይመጣል። ይሥራው! ግን ባለሀብት መንገድና መብራት የሌለበት ቦታ ሄዶ በረዶ አይተክልም። የአበባ እርሻ ሲመጣ መሬቱን፣ ብድሩን፣ የግብር እፎይታውን ያመቻቸው ማን ነበር? መንግሥት አይደል እንዴ? ለጽጌረዳ የተንበረከከ መንግሥት ለቲማቲም ጉልበቱ ለምን ይደርቃል?

ምን ይደረግ?

«ሥጋ ወደ ውጭ አይውጣ» የሚሉ ወገኖች አሉ። ንዴታቸው ይገባናል፤ መፍትሔያቸው ግን አይዋጥልንም። በሩ ቢዘጋ እንስሳው በኮንትሮባንድ በእግሩ ይሄዳል፤ ቄራው ይዘጋል፣ ሠራተኛው ይበተናል፣ ቆዳውና ዶላሩም አብረው ድንበር ይሻገራሉ። የከተማው ሰው ሳህን ላይ አንድ ቁራጭ አይጨመርም።

መንግሥት ሲፈልግ ትርፉ አገር ውስጥ እንዲቀር ማድረግ እንደሚችል አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲከለከል የተጋገረው እንጀራ አልተከለከለም። እንጀራው እዚሁ ምጣድ ላይ ወጥቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ታሽጎ በአውሮፕላን ዋሽንግተን ይወርዳል፤ እዚያ ያለው ወገናችን የእናቱን ቤት ጣዕም ያገኛል፤ የጋጋሪዋ ደመወዝም አዲስ አበባ ይቀራል። ሕጉ ጉድለት አልነበረበትም አንልም፤ የጤፍ ዋጋም ሽቅብ መሄዱን አላቆመም። ግን ሥራው የት ይቅር ብሎ የጠየቀ ሕግ ነበር። ለቆላው ፍየልና ለመቂው ቲማቲም እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቅ ነው የምንለው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ የአየር ጭነት ዋጋና የተርሚናል ክፍያ ለሕዝብ በግልጽ ይውጣ። አየር መንገዱ የሕዝብ ነው። አውሮፕላኑም የሱ፣ ተርሚናሉም የሱ፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የኤርፖርቶቹ አስተዳደርም ከሱ ጋር ነው። የውጭ የጭነት አውሮፕላኖች ቢመጡም በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ኃይል የያዘ ድርጅት ታሪፉን ደብቆ ሊሠራ አይገባም። ትንሹ የአትክልት ላኪ ማኅበር ከትልቁ ድርጅት ጋር በምን ዋጋ እንደሚጫን ይወቅ።

ሁለተኛ፣ ለአርብቶ አደሩ ዋጋው ይነገረው። የቄራ መግዣ ዋጋ በየሳምንቱ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛ በሬዲዮ ይነገር። ይህ ቢሊዮን አይጠይቅም። አንድ ሬዲዮ ጣቢያና አንድ ሐቀኛ ጸሐፊ ይበቃዋል። የእንስሳት ሐኪሙ፣ ማቆያ በረቱና መግዣው ጣቢያ ከሞጆ ወደ ቆላው ይጠጉ። ድርቅ ሲያንዣብብ ከብቱ አጥንት ሳይሆን የሚገዛበት አሠራር ይዘጋጅ።

ሦስተኛ፣ በረዶው ወደ ምድር ይውረድ። መቂ፣ ባቱ፣ ወተት የሚመረትባቸው ሰላሌና ደብረ ብርሃን ቀዝቃዛ መጋዘን ይተከል፤ ባለቤቱም የገበሬው ማኅበር ይሁን። ለላኪ የሚፈቀደው የቀረጥ ዕድል ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ለሚያስገባ የገበሬ ማኅበርም ይፈቀድ። እነዚህ መጋዘኖች መብራት እንዳይቋረጥባቸው እንደ ሆስፒታል ይታዩ። በጭነት አውሮፕላን የሚሄደውም ያድጋል እንጂ አይቀንስም፤ ምክንያቱም ማሳው ላይ ያልቀዘቀዘ ፎሶሊያ ቦሌ ደርሶ በምን ተአምር ይተርፋል? ለውጭው ገበያ የሚበጀው ሰንሰለትና ለጉሊቷ እናት የሚበጀው ሰንሰለት አንድ ነው። ሁለቱን የለያየው የባለሥልጣናቱ ዓይን ነው። ዓይናቸው ዶላር ያለበትን ብቻ ያያልና!

ዶላር የሚበላ ሰው የለም። የሚበላው ሥጋው ነው፣ ወተቱ ነው፣ ቲማቲሙ ነው። አንድን ሬሳ ፍየል በአራት ዲግሪ ጠብቆ በሰዓታት ውስጥ ባሕር ማሻገር የቻለ እጅ፣ ሳጥን ቲማቲም ከመቂ ለማምጣት «አቅም» አላነሰውም። ያነሰው ለማን እንደሚሠራ ማወቅ ነው።

ሰማዩን ችለንበታል። የቀረን ምድሩ ነው።